የ1991 ሚያታ ውስጥ የ2002 ሚያታ ዕቃ ይገባል? ወንበር፣ ኮንሶል፣ የበር ሽፋን፣ ሸራ

ቀይዋ_91 (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ቤተሰብ። ቀይ የ1991 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ የሆነች። 1.6 ሞተር፣ ማንዋል። ሞተሯ አሁንም ደህና ነው፣ ዝገትም ብዙ አልነካትም። ችግሩ ውስጧ ነው። የሾፌሩ ወንበር ስፖንጅ ሞቷል፣ ስቀመጥ ብረቱ ይሰማኛል። የበሮቹ ሽፋን ከታች አብጦ ክሊፑን ጥሎ ወጥቷል። የሸራው የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ስለሆነ ቢጫ ሆኗል። ከኋላዬ ማን እንዳለ የማየው በጎን መስታወት ብቻ ነው።

አሁን አንድ ዕድል ገጠመኝ። የማውቀው ልጅ የ2002 ሚያታ ነበረው። ከፊት ተጋጭቶ ኢንሹራንሱ አይጠገንም አለው። ልጁ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናዋን ለመለዋወጫ በርካሽ ሊሰጠኝ ይፈልጋል። ውስጧ ጥቁር ነው፣ ጭረት የለበትም። ወንበሮቹን፣ መሀል ያለውን ኮንሶል፣ የበር ሽፋኖቹን፣ መሪውን፣ ከተቻለ ባለመስታወቱን ሸራ እፈልጋለሁ።

የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ምኑ ይገባል? ምኑ ሳይቆረጥ አይገባም? ኮንሶሉን አጥብቄ የፈለግኩት ኩባያ ማስቀመጫ ስላለው ነው። ጠዋት ሥራ ስሄድ ቡናዬን በጉልበቴ መሀል ይዤ ማርሽ መቀየር ሰልችቶኛል።

---

ጋሼ_ቡሎን (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ልጄ፣ መኪናዋን ግዛት፣ አታሳልፋት። ግን የዘረዘርከውን ሁሉ አታገኝባትም።

ለማያውቅ አንባቢ መጀመሪያ ይሄን ልበል። ያንተዋ ኤንኤ የሚባለው ትውልድ ናት። በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ የወጣችው፣ የፊት መብራቷ የሚነሳና የሚተኛው። እስከ 1997 ተሠራች። የልጁ ኤንቢ ናት። ከ1998 እስከ 2005 የተሠራችው፣ መብራቷ ቋሚ የሆነው። ማዝዳ ኤንቢን ሲሠራ ወለሉን ከኤንኤ ብዙም አላራቀውም። ዳሽቦርዱን ግን ከነጭራሹ ቀይሮታል። ስለዚህ እኔ የምሄደው በዚህ ነው፦ ወለሉ ላይ ወይም አካሏ ላይ የሚታሰር ዕቃ ይገባል። ዳሽቦርዱን የሚነካ ዕቃ አይገባም።

ወንበሮቹ በቀጥታ ይገባሉ። እያንዳንዱ በ4 ቡሎን ወለሉ ላይ ይታሰራል፣ ቀዳዳዎቹም ይገጥማሉ። 14 ቁልፍና ረዘም ያለ ራቼት ይበቃሃል። አስቸጋሪው መግጠሙ ሳይሆን የአሮጌውን መፍታት ነው። እነዚያ ቡሎኖች ከ30 ዓመት በላይ የመንገድ ጨውና ውሃ ሲጠጡ ኖረዋል። በዋዜማው ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጭባቸውና አሳድራቸው። ጠዋት ትንሽ ፍታ፣ መልሰህ እሰር፣ እንደገና ፍታ። በአንድ ጊዜ በጉልበት ከጎተትከው ከወለሉ ጋር የተበየደው ዳዶ ተላቆ አብሮ መዞር ይጀምራል። ያኔ ሥራው የወንበር መቀየር መሆኑ ቀርቶ የብየዳ ይሆናል።

አዲሶቹን ወንበሮች ከማስገባትህ በፊት ደግሞ ይሄን እይ። ከፊት የተጋጨ መኪና ወንበር ሰው ሲወረወር ሸክም ተሸክሟል። ሃዲዱን ወደፊትና ወደኋላ ግፋው። ግራና ቀኙ እኩል ይሄዳል? እኩል ይቆልፋል? መደገፊያው ጠማማ ነው? አንዱ ጎን ከዘገየ ተወው።

ከወንበሩ ጎን ያለውን የቀበቶ መቆለፊያ ከራስህ መኪና አውጥተህ አዲሱ ወንበር ላይ እሰረው። ቀበቶና መቆለፊያው የአንድ መኪና መሆን አለባቸው። የ2002ቱን ቀበቶ አትንካው። እነዚያ ቀበቶዎች በግጭት ጊዜ የሚወጥር ባሩድ ያለው መሣሪያ አላቸው። ያንተዋ መኪና ይህን የሚያዝ ኮምፒውተር የላትም። ኤርባጉ ከፈነዳ ደግሞ እነሱም ተተኩሰው ይሆናል፣ ቆሻሻ ናቸው።

ኮንሶሉን እርሳው። ፊቱ የሚያርፈው የኤንቢ ዳሽቦርድ ላይ ነው። ያንተ ዳሽቦርድ ጋር ሲደርስ ክፍተት ይቀራል፣ ቅርጹም አይገናኝም። ቆርጠው የለጠፉ ሰዎች አይቻለሁ። ከሩቅ ያምራል፣ ስትቀርበው ግን ማስቲሹ ይታይሃል።

ስለ መሪው ነገ እመለሳለሁ፣ ረዥም ነገር አለው። እስከዚያ እንዳትነካው።

---

ማርሽ_5 (ዳላስ)

ጋሼ፣ የበር ሽፋኑስ? እኔም ያው ችግር አለብኝ።

---

አረንጓዴዋ (ሲያትል)

ስለ ሸራው እኔ ልናገር፣ ዝናብ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ነው።

እኔ ያለችኝ የ1991 አረንጓዴዋ ናት። ብሪቲሽ ሬሲንግ ግሪን የምትባለው፣ ውስጧ ቡናማ ቆዳ የሆነው። ለአሜሪካ 4,000 ያህል ብቻ ነው የመጣችው። ወንበሮቿን አልነካም፣ ለምን እንደሆነ በኋላ። ሸራውን ግን ወደ ኤንቢ ቀይሬዋለሁ፣ በጣም ነው የምመክረው።

ሸራውን ከነብረት አጥንቱ ነው የምትወስደው። ጨርቁን ብቻ ገፍፎ የድሮው አጥንት ላይ መልበስ ሌላ ሥራ ነው፣ ለባለሙያ ይተው። ከነአጥንቱ ከሆነ ግን በየጎኑ 3 ቡሎን፣ ከኋላ ደግሞ ጨርቁን ወለሉ ጠርዝ ላይ የሚይዙት ትናንሽ ዳዶዎች ናቸው። ከወንበር ጀርባ ያለውን ሞኬትና የጎን ፕላስቲኮች መጀመሪያ ታነሣለህ። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ብቻህን ስታነሣው ቀለሙን ስለምትጭረው ነው።

የኤንኤ ሸራ ከመታጠፉ በፊት የኋላውን ዚፕ መክፈት አለብህ፣ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ይታጠፍና ይሰነጠቃል። የኤንቢው መስታወት ዚፕ የለውም። መያዣዎቹን ትፈታለህ፣ ወደኋላ ትጥለዋለህ፣ አለቀ። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ መክፈት ይቻላል።

መስታወቱ ውስጥ የበረዶ ማሟሟቂያ ሽቦዎች አሉ። እነሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፣ በደንብ ይጠጣሉ። ለብቻው ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) ያለው መስመር ከባትሪ አውጣላቸው። ባትሪህ የዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ስለሆነ መንገዱ አጭር ነው። ከሲጋራ መለኮሻው መስመር ላይ እንዳትቀጥል።

ሸራው ሲነሣ ደግሞ በሌላ ጊዜ የማታየው ነገር ይታይሃል። በሁለቱም ማዕዘን፣ ከቀበቶው ማማ ጀርባ፣ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለ። ከሸራው የሚወርደው ውሃ በዚያ ገብቶ ከኋላ ጎማ ፊት ይወጣል። በቅጠልና በአቧራ ከተደፈነ ውሃው ወደ ሞኬቱ ይሄዳል፣ ወይም ከበሩ ሥር ባለው ብረት ውስጥ ይቀራል። ሚያታ የምትሞተው በሞተር አይደለም፣ እዚያ ጋ በሚጀምር ዝገት ነው። ወፍራም የሣር ማጨጃ ናይሎን ክር አስገብተህ አጽዳው። ብረት ሽቦ አትጠቀም፣ ቱቦውን ይበሳዋል።

---

ቀይዋ_91

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ውሃ መውረጃ እንዳለ ራሱ አሁን ነው የሰማሁት። ዛሬ ማታ ሞኬቱን በእጄ ነክቼ አያለሁ።

---

ኦሪጅናል_ይሻላል (ሎስ አንጀለስ)

ይቅርታ፣ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ለምን ታበላሻታለህ? የመጀመሪያዎቹ ኤንኤዎች ዋጋቸው እየወጣ ነው። ራሱ ማዝዳ በጃፓን በ2018 ኤንኤ እየተቀበለ ማደስ ጀምሯል። ለእድሳቱ ብሎ የሸራውን ጨርቅ፣ የእንጨት መሪውን፣ ጎማውን ሳይቀር እንደገና አስመርቷል። ፋብሪካው ራሱ ወደ ድሮው ሲመለስ አንተ ወደ ኤንቢ ትሄዳለህ?

ወንበሩ ስፖንጁ ከሞተ ስፖንጅ ይቀየርለት። የኤንኤ የወንበር ልብስ አዲስ ተሰፍቶ ይሸጣል፣ ጨርቅም ቆዳም። ብረቱ ጤነኛ ነው። አንድ ጎበዝ ታፒሴሪ ፈልግ።

---

ማርሽ_5

ወንድሜ፣ እስከ 2016 ድረስ እኮ በሁሉም ትውልድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሚያታ ተሠርቷል። ፌራሪ አይደለችም። ሰውየው ወደ ሥራ ይሄድባታል።

---

ኦሪጅናል_ይሻላል

1 ሚሊዮን ተሠራ ማለት 1 ሚሊዮን ቀረ ማለት አይደለም። ስንቱ የጋሼ ቡሎን ደንበኛ ሆኖ ተቆራርጦ አለቀ።

---

ጋሼ_ቡሎን

ሃሃ፣ አንተ ልጅ አትተወኝም። እኔ የምቆርጠው የሞተውን ነው።

ቁም ነገር ግን አለው ንግግሩ። ቀይዋ፣ የምታወጣውን ዕቃ አትጣል። ወንበሮቹን፣ ሸራውን፣ እያንዳንዱን ቡሎን በላስቲክ ከረጢት አድርገህ ስሙን ጽፈህ አስቀምጥ። የገባው ሁሉ በቡሎን ብቻ ከገባ የሚቀጥለው ባለቤት በአንድ ቅዳሜ መልሶ ኦሪጅናል ያደርጋታል። ቀዳዳ ካልበሳህ፣ ካልቆረጥክ ምንም አልተበላሸም። ለዚህ ነው ኮንሶሉን እርሳው ያልኩህ።

አሁን ስለ መሪው። የ2002ቱ መሪ እንዝርቱ ጥርስ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ይሄ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ገባ ማለት ሠራ ማለት አይደለም። ያንተዋ 1991 አሜሪካ የተሸጠች ስለሆነች የሾፌር ኤርባግ አላት። ያ ኤርባግ፣ ከመሪው ሥር የሚጠቀለለው የሽቦ ሪቦን፣ የግጭት መለኪያዎቹና ኮምፒውተሩ ሁሉም ለአንድ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። የኤንቢው ሶኬት ሌላ፣ አሠራሩም ሌላ ነው። ሽቦ ቆርጦ ቀጥሎ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፣ ኢንተርኔት ላይ ያሳዩሃል። መብራቱ ጠፋ ማለት ግን በትክክለኛው ሰዓት ይፈነዳል ማለት አይደለም። ለዚያውም የልጁ መኪና ከፊት ተመትታ ኤርባጉ ወጥቶ ከሆነ ምን ልታወጣ ነው?

ወንበርም ሆነ መሪ አካባቢ ስትሠራ የባትሪውን ነጌቲቭ አውጣ፣ ከዚያ ጥሩ ጊዜ ጠብቅ። ጀበናው ተጥዶ አቦል እስኪወርድ ጠብቅ። ኤርባጉን በቴስተር ለመለካት አትሞክር፣ የቴስተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሊያፈነዳው ይችላል።

ለእጅህ ደስታ ከፈለግህ ግን የማርሹን እጀታ ውሰድ። የኤንኤና የኤንቢ ጥርሱ አንድ ነው፣ 10 ሚሊ ሜትር በ1.25። ጠምዝዘህ አውጣ፣ ጠምዝዘህ አስገባ።

---

ፀሐይ_በዛ (ዱባይ)

ከዱባይ ሰላም። እዚህ የአሜሪካና የጃፓን ሚያታ ይገኛል፣ ውስጣቸው ግን በፀሐይ የተጠበሰ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ፕላስቲክ ነው።

የ30 ዓመት ፕላስቲክ ሊታጠፍ አይፈልግም፣ ይሰበራል። በተለይ ክሊፕ ያለበት ቦታ። እናንተ ጋ ብርድ ስላለ ይብሳል። ጋራዥ ውስጥ በጥር አትሥሩት። የግድ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉት። ከብረት ካቻቢቴ ይልቅ ለመኪና ውስጥ የሚሸጠውን የፕላስቲክ መፈንቀያ ተጠቀሙ፣ ዋጋው ምንም ማለት አይደለም። አዲስ ክሊፕ አስቀድማችሁ ግዙ። የድሮው ክሊፕ ሲወጣ አብዛኛው አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ቀለም። ጥቁር በጥቁር ነው ብላችሁ አትመኑ። በፀሐይ የቆየ ጥቁር ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ጎን ለጎን ሲሆን ያሳፍራል። ቡናማ ከሆነማ አይነሣ፣ የኤንኤና የኤንቢ ቡናማ አንድ አይደለም። መፍትሔው የቪኒል ቀለም ነው። ግን ሥራው ሁሉ ያለው ከመቀባቱ በፊት ነው። እነዚህ ፕላስቲኮች ለዓመታት የሚያብለጨልጭ ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ ሲቀቡ ኖረዋል። ያ ሲሊኮን ካልወጣ ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሣል። በሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙት። ከዚያ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንድ ወፍራም ቅብ የቆዳውን መስመር ይሞላዋል፣ የተቀባ መሆኑን ከሩቅ ያሳብቃል።

---

አረንጓዴዋ

ወንበሮቼን ያልነካሁት በዚህ ምክንያት ነው። የ1991 ቡናማ ቆዳዬ አጠገብ የኤንቢ ቡናማ አስቀምጬ አየሁት። ሁለት የተለያየ ዘመን መሆናቸው ይጮሃል። ጥቁር ላለው ግን ምቹ ነው።

---

ረጅሙ (አትላንታ)

ጥያቄ አለኝ። እኔ ረጅም ነኝ፣ ጭንቅላቴ ሸራውን ይነካል። የኤንቢ ወንበር ዝቅ ያደርገኛል? ወይስ የ2007 ወንበር ልፈልግ?

---

ጋሼ_ቡሎን

የኤንቢው ዝቅ አያደርግህም። እንዲያውም ከፍ ያልክ ሊመስልህ ይችላል፣ ምክንያቱም ያንተ ስፖንጅ በ30 ዓመት ተጨፍልቋል፣ የኤንቢው ገና ነው። ረጃጅሞች የሚያደርጉት ሌላ ነው። የመቀመጫውን ልብስ ይገልጡና ከስፖንጁ ላይ ከቂጥ ሥር ባለው ቦታ ይቀንሳሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትቁረጥ፣ ቆርጠህ ተቀምጠህ ሞክረው። የፊቱን ጫፍ ግን አትንካ፣ ጭንህን የሚደግፈው እሱ ነው። የቆረጥከውን ስፖንጅም አስቀምጠው።

የ2007 ብለህ የጠራኸው ሦስተኛው ትውልድ ነው፣ ኤንሲ የሚባለው። ተወው። ወንበሩ ውስጥ የጎን ኤርባግ አለ። ሃዲዱም ሌላ ነው፣ አይገጥምም። የኤንቢ ወንበር ውስጥ ኤርባግ የለም፣ ለእኛ የተመቸው ለዚህ ነው።

---

ማይን_ዳር (ፍራንክፈርት)

እዚህ ጀርመን ያላችሁ ሌላ ነገር አስቡበት። መኪናችሁ 30 ዓመት ከሞላት ኤች ያለበትን የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ግብሩም ቁርጥ ይሆናል። ግን መርማሪው ኦሪጅናልነቷን ያያል። የተቀየረ ነገር ካለ በዘመኑ ይደረግ የነበረ መሆን አለበት። በተግባር የሚታየው መኪናዋ መጀመሪያ ከተመዘገበች በኋላ ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ የነበረ ዕቃ መሆኑ ነው።

የ1991 መኪና ላይ የ1998 ወይም የ1999 ኤንቢ ዕቃ በዚያ ሒሳብ ይገባል። የ2002 ዕቃ ላይ ግን መርማሪው ሊያቆምህ ይችላል። ወንበርና መሪ ለደኅንነት ስለሚቆጠሩ ደግሞ ዓመቱ ቢሆንም ባይሆንም ቀድማችሁ መርማሪውን ጠይቁ። ከተገጠመ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም። እዚህ ያለ ሰው ከሜሪላንዱ ወንድማችን ጋር አንድ ዓይነት ነፃነት የለውም።

---

ሶማሌ_ተራ (አዲስ አበባ)

እናንተ ታድላችኋል። እዚህ ሶማሌ ተራ የፈለግከውን የቶዮታ ዕቃ ስም ጠርተህ ሳትጨርስ ያመጡልሃል። ሚያታ ብትል ግን ምንድን ነው ይሉሃል። አንድ ልጅ ደግሞ ይህቺን መኪና ሀገር ቤት ባስገባትስ ብሎ በውስጥ መስመር ጠይቆኝ ነበር። ወንድሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ ታክስ ወገብ ይቆርጥ ነበር። እዚያው ንዳት፣ ፎቶ ላክልን።

ለበር ሽፋኑ ግን የሀገር ቤት ዘዴ አለ። የኤንኤ በር ሽፋን ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? የተጨመቀ እንጨት ነው፣ ላዩ ቪኒል። ውሃ ሲያገኘው ያብጣል። እዚህ ታፒሴሪዎች ያበጠውን ንድፍ አድርገው ከስስ ኮምፔንሳቶ ወይም ከፕላስቲክ ሰሌዳ አዲስ ይቆርጣሉ፣ ቪኒሉን በጥንቃቄ ልጠው በማስቲሽ ይመልሱታል። የክሊፕ ቀዳዳዎቹን በትክክል ካወጣህ ከፋብሪካው የበለጠ ዕድሜ አለው።

---

ጋሼ_ቡሎን

ሶማሌ ተራ፣ እጅህ ይባረክ። ማርሽ 5ም የጠየቀው ይሄንኑ ነበር።

የኤንቢ የበር ሽፋን በኤንኤ በር ላይ በቀጥታ አይገባም። ክሊፖቹ የሚገቡበት ቦታ አይገናኝም። በሩን መብሳት አለብህ፣ እኔ ደግሞ ለበር ሽፋን ብዬ ጤነኛ በር አልበሳም። ከ1994 እስከ 1997 ያሉትን የኤንኤ ሽፋኖች ማየት ይሻላል፣ ኪስ አላቸው። ግን እነሱም ከ1990 እስከ 1993 ካሉት ይለያሉ። ሽፋኑን ብቻ አትግዛ። የመዝጊያ እጀታውን፣ ከውስጥ የሚይዘውን ብረት፣ ብሎኖቹን ሁሉ ከዚያው በር ላይ አብረህ ውሰድ። ከመክፈልህ በፊት የአሮጌህን ሽፋን ይዘህ ሂድና ጀርባ ለጀርባ አድርገህ ቀዳዳውን አመሳስል።

ሽፋኑ ለምን እንዳበጠም ጠይቅ። በሩ ውስጥ ውሃ መግባቱ የተለመደ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ይገባል፣ ከታች ይወጣል። በሩና ሽፋኑ መሀል የፕላስቲክ ወረቀት አለ፣ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ። ያ ወረቀት ሽፋኑን ከውሃ ይጠብቃል። አብዛኛው ሰው ስፒከር ሲቀይር ቀድዶት ይጥለዋል። ከዚያ ሽፋኑ አበጠ ብሎ ያማርራል። ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጠህ፣ ዙሪያውን በአዲስ የማይደርቅ ሙጫ ለጥፈህ ዝጋው። ታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገባው፣ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲንጠባጠብ። ይሄን ሳታደርግ አዲስ ሽፋን ብትገጥም ገንዘብህን ውሃ ይበላዋል።

---

ኦሪጅናል_ይሻላል

በበሩ ጉዳይ ከጋሼ ጋር ተስማምቻለሁ። ይመዝገብልኝ።

---

ቀይዋ_91

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኪናዋን ገዛኋት። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ወንበሮቹ ገብተዋል። ጋሼ እንዳሉት ዘይት አሳድሬበት ቡሎኖቹ ወጡ፣ ከኋላ በስተግራ ያለው ብቻ አንገራገረ። የቀበቶውን መቆለፊያ ከድሮው አዛወርኩ። የድሮው ወንበር ጭንቅላት መደገፊያ ውስጥ ስፒከር ነበረው፣ ኤንቢው የለውም። ሽቦውን ሳልቆርጥ ጠቅልዬ ከወንበሩ ሥር አሰርኩት። የተሳፋሪው ወንበር ሃዲድ ትንሽ ይይዝ ነበር፣ አጽድቼ ግሪስ ሳደርግለት ለቀቀ። ሁለቱም ጎን እኩል ይቆልፋል።

ሸራውም ተቀይሯል። ወንድሜን ጠርቼ ለሁለት ነው ያነሣነው። ውሃ መውረጃው በቀኝ በኩል ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ ነበር። አረንጓዴዋ እህቴ፣ ከውስጡ የወጣውን ጭቃ ብታዪ። የመስታወቱን ማሟሟቂያ ገና አልቀጠልኩትም፣ ሪሌውን አዝዣለሁ። ሸራው ሲዘጋ ከመስኮቱ ላይኛ ጫፍ ጋር ትንሽ ክፍተት አለው፣ በፍጥነት ስነዳ ያፏጫል። ይሄ ይስተካከላል?

መሪውን አልነካሁም፣ ኤርባጉ እውነትም ወጥቶ ነበር። ኮንሶሉን ተውኩት። የማርሹን እጀታ ግን ገጥሜዋለሁ፣ አሪፍ ነው። ለቡናዬ ከወንበሩና ከኮንሶሉ መሀል የሚሰካ ማስቀመጫ ገዛሁ፣ ምንም አይቆረጥም።

---

አረንጓዴዋ

ይስተካከላል። ሁለት ቦታ ተመልከት። መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ ላይ የሚይዙት ሁለቱ መያዣዎች ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። ለሁለቱም እኩል ትንሽ ትንሽ አጥብቃቸው። ለመዝጋት ጉልበት ከጠየቀህ አልፈሃል ማለት ነው፣ መልስ። ቀጥሎ በጎን ያለውን ጎማ እይ። የሸራው አጥንት ላይ ያለው ጎማ ከኤንቢው ጋር የመጣው ይሁን፣ የደረቀ ከሆነ በሲሊኮን ቅባት አለስልሰው። ሁለቱ ካልረዱ የመስኮቱ መስታወት ራሱ በሩ ውስጥ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው። እሱን የበሩን ሽፋን ስታወጣ ታስተካክለዋለህ፣ ለማንኛውም ልትከፍተው አይደል?

---

ቀይዋ_91

እሺ፣ ከበሩ ጋር አብሬ እሠራዋለሁ። የሶማሌ ተራውን ዘዴ ነው የምከተለው፣ የፕላስቲክ ሰሌዳ አግኝቻለሁ።

አሁን ጋራዤ ውስጥ የኤንቢ የበር ሽፋኖችና ኮንሶል ተቀምጠዋል፣ ጥቁር፣ የ2002። ኤንቢ ያለው ሰው ካለ ይውሰድ። የቀረውን መኪና ጃንክ ያርድ ሊወስደው ነው።

---

ማርሽ_5

የወንድሜ ሚስት የ2003 አላት፣ የኮንሶሏ ክዳን ተሰብሯል። ክዳኑ ደህና ከሆነ ሙሉውን እወስዳለሁ። የመላኪያውን እኔ እከፍላለሁ። ጃንክ ያርዱ ከመምጣቱ በፊት የመስኮት ማብሪያ ማጥፊያዎቹንም ንቀልልኝ፣ ከሶኬቱ ጋር።

---

ቀይዋ_91

ክዳኑ ደህና ነው። ማብሪያዎቹን ቅዳሜ እነቅላቸዋለሁ። በውስጥ መስመር አድራሻህን ላክልኝ።